ዐውደ ርእዩ ከወረደ በኋላ፦ የሥነ ጥበብ ማዕከልን የዐውደ ርእይ ታሪክ የማቆየት የአሠራር መመሪያ

ዐውደ ርእይ በተዘጋ ማግስት ወደ አዳራሹ ጎራ ያለ ሰው የሚሆነውን ያውቀዋል። ሠዓሊው ሥራዎቹን በብርድ ልብስና በካርቶን ጠቅልሎ ሚኒባስ ላይ ይጭናል፤ ምስማሩ ይነቀላል፤ ቀዳዳው በስቱኮ ይደፈናል፤ ግድግዳው ለቀጣዩ ባለ ተራ ነጭ ቀለም ይቀባል። ሥዕሎቹ በየቤቱና በየቢሮው ተሰቅለው ለብዙ ዘመን ሊኖሩ ይችላሉ። ዐውደ ርእዩ ግን፣ ማለትም የትኛው ሥራ ከየትኛው ጎን እንደ ተሰቀለ፣ ማን መርጦ እንዳሰባሰበው፣ በመክፈቻው ዕለት ምን ክርክር እንደ ተነሣ፣ ተመልካቹም ምን ብሎ እንደ ጻፈ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይበተናል። የሚተርፈው የጥሪ ካርድ፣ ጥቂት ፎቶግራፍ፣ የአስተያየት መዝገብና የሰው ትዝታ ነው።

ይህ ትራፊ በአግባቡ ከተያዘ የሚሠራው ሥራ ትልቅ ነው። ኪውሬተሩ (የዐውደ ርእይ ሥራዎችን መርጦ የሚያሰባስበው ባለሙያ) ሃራልድ ዜማን በ1969 እ.ኤ.አ. በስዊዘርላንድ በርን ከተማ ያዘጋጀው ዐውደ ርእይ ከ44 ዓመታት በኋላ፣ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ በቬኒስ እንደገና ሊቆም የቻለው ፎቶግራፎቹ፣ ደብዳቤዎቹና የሥራዎቹ ዝርዝር ተጠብቀው ስለ ቆዩ ነው። በአዲስ አበባ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ከታዩት ዐውደ ርእዮች መካከል ስንቶቹን እንዲህ አድርገን መልሰን ማቆም እንችል ይሆን ብዬ ሳስብ ያሳስበኛል፤ መመሪያውንም የጻፍሁት ከዚህ ሐሳብ ተነሥቼ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልበል፦ ሥራው የሚጀምረው በስካነር ሳይሆን በዝርዝር ነው። በስካነር የጀመሩ ማዕከላት ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያገኙት ስምና ቀን የሌላቸው ፋይሎች የሞሉበት ዲስክ ነው፤ ያም ከወረቀቱ ክምር የተሻለ ነገር አይደለም።

ደረጃ 1፦ ኃላፊ መሰየም፣ ማስወገድን ማስቆም

የማዕከሉ አመራር አንድ ሰው በደብዳቤ ኃላፊ አድርጎ ይሰይም። ሥራው የሁሉም ከሆነ የማንም ስለማይሆን፣ ትርፍ ሰዓቱን የሚሰጥ አንድ ሠራተኛ እንኳ ቢሆን ስሙ ይታወቅ። የዚህ ሰው የመጀመሪያ ተግባር መሰብሰብ ሳይሆን ማስቆም ነው፤ እርሱ ሳያየው ምንም ወረቀት፣ ካሴት ወይም አሮጌ ኮምፒውተር ከግቢው እንዳይወጣ ትእዛዝ ይተላለፍ። እኔ በሠራሁበት አንድ ማዕከል ቢሮ በተቀየረ ጊዜ የብዙ ዓመታት የአስተያየት መዝገቦች «አሮጌ ወረቀት» ተብለው በኪሎ ተመዝነው ለቁራሌው ተሸጡ። በክፋት ያደረገው ሰው አልነበረም፤ ምን እንደ ሆኑ የነገረው ሰው ስላልነበረ ብቻ የሆነ ነው። ከመዝገቦቹ በአንዱ ውስጥ አንዲት ተማሪ አንድን ሥዕል ሦስት ቀን ተመላልሳ እንዳየችውና በየቀኑ የተለየ ነገር እንዳየችበት የጻፈችውን ገጽ አንብቤው ነበር። ዛሬ ያ ገጽ ያለው በእኔ ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ያለው ነገር የት እንዳለ ማወቅ

ደብተርና እርሳስ ይዘው ግቢውን ይዙሩ፤ ለጊዜው ምንም አያንሡ፣ ምንም አይደርድሩ። በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው መደርደሪያ፣ በየትኛው ካርቶን ምን እንዳለ ብቻ ይጻፉ። ወረቀቶች አንድ ላይ የተቀመጡበት ሁኔታ ራሱ ማስረጃ ስለሆነ፣ ለምሳሌ ርእስ የሌለው ፎቶግራፍ ከአንድ የጥሪ ካርድ ጋር በአንድ ክላሰር ውስጥ ከተገኘ፣ ሁለቱን መለያየት ፎቶግራፉን ማንነት ማሳጣት ነው።

ብዙ ሰው የማያስበው ቦታ የሒሳብ ክፍሉ ነው። ለፖስተርና ለባነር ሕትመት፣ ለክፈፍ ሥራ፣ ለመክፈቻው መስተንግዶ፣ ለትራንስፖርት የተከፈለባቸው ደረሰኞች ቀን አላቸው፤ ከጋዜጣና ከትዝታ ይልቅም እውነተኛ ናቸው። አንድ ዐውደ ርእይ መካሄዱን የሚያረጋግጥ ሌላ ምንም ሳይገኝ፣ የማተሚያ ቤት ደረሰኝ ብቻውን ቀኑንና ርእሱን ሲሰጥ አይቻለሁ። ሒሳብ ክፍሉ የቆዩ ሰነዶችን ለማስወገድ ኮሚቴ የሚያቋቁምበት ጊዜ ስለሚኖር፣ ከዚያ አስቀድሞ ይድረሱ።

ከግቢው ውጭ ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የቆዩ የአዲስ ዘመንና የኢትዮጵያን ሄራልድ ጋዜጦች፣ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሌላ ቦታ የማይገኙ ኅትመቶች የሚፈለጉባቸው ናቸው። አንድ ሠዓሊ ዘንድሮ በአንዱ አዳራሽ፣ በዓመቱ በሌላው ስለሚያሳይ፣ የዓለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ ዞማ፣ ጎቴ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የመሳሰሉት ቦታዎች ታሪክ እርስ በርስ የተያያዘ ነው። የእርስዎ ማዕከል የጎደለው ካርድ ሌላው ዘንድ ሊኖር ስለሚችል፣ ዝርዝርዎን ይዘው ሄደው ይጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የዐውደ ርእዮችን ዝርዝር ማዘጋጀት

የሥራው አከርካሪ ይህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ በኤክሴል ወይም በሊብሬ ኦፊስ አንድ ሠንጠረዥ ይክፈቱ፣ ለአንድ ዐውደ ርእይ አንድ ረድፍ ይስጡ። እያንዳንዱ ዐውደ ርእይ የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይኖረዋል፤ ለምሳሌ በ2009 ዓ.ም. ሦስተኛው ከሆነ 2009-03 ይባላል። ኋላ ከእርሱ የቀደመ ሌላ ዐውደ ርእይ ቢገኝ እንኳ ቁጥሩ አይቀየርም፤ አዲስ የተገኘው ተከታዩን ቁጥር ይወስዳል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ለመለየት እንጂ ለቅደም ተከተል አይደለም። ቀጥሎ ርእሱ በአማርኛም በሌላ ቋንቋም በካርዱ ላይ እንደ ታተመ፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ቀን፣ የተሳተፉት ሠዓልያን በሙሉ፣ ኪውሬተሩ፣ አዳራሹ፣ ደጋፊ ድርጅቶች፣ የቀረቡት ሥራዎች ዝርዝር መኖር አለመኖሩ፣ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ከየት እንደ ተገኘ ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ የእኔ ልመና ግን ሌላውን ዓምድ ቢዘሉ እንኳ ይህን እንዳይዘሉ ነው። «ከጥሪ ካርድ»፣ «ከደረሰኝ»፣ «ከሠዓሊው ቃል» ተብሎ ያልተጻፈበት መረጃ ከአሥር ዓመት በኋላ ከግምት አይለይም።

ቀኑን በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር፣ በሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይጻፉ፤ «2003» ብሎ ብቻ መጻፍ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት መጋበዝ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ በኅዳር ተከፍቶ በጥር የተዘጋ ዐውደ ርእይ በእኛ አቆጣጠር በአንድ ዓመት ውስጥ ሲያልቅ በፈረንጆቹ ሁለት ዓመት ይነካል። በሰዓቱም እንዲሁ ይጠንቀቁ፤ በአማርኛው ገጽ «ከቀኑ 11 ሰዓት» የሚለው በእንግሊዝኛው ገጽ 5 ሰዓት ሆኖ ይታተማል፤ አንዱን ከሌላው ሲገለብጡ የሚሳሳቱ ጥቂት አይደሉም።

የሰው ስም ሌላው ፈተና ነው። የሠዓሊው ስም ቀድሞ የአባቱ ስም ይከተላል፤ የውጭ ፎርሞች እንደሚያዝዙት የአባትን ስም አስቀድሞ መገልበጥ አንድን ሰው በአባቱ ስም ማስጠራት ነው። «ገብረ ክርስቶስ» ተለያይቶም «ገብረክርስቶስ» ተብሎ ተገጥሞም ይጻፋል፤ «እስክንድር» እና «ስክንድር» ቦጎሲያን አንድ ሠዓሊ ናቸው፤ ፀሐይ በ«ጸ» ስትጻፍ ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው አድርጎ ይቆጥራታል። ስለዚህ ሠዓሊው ራሱ የሚፈርምበትን አጻጻፍ ዋና አድርገው ይያዙ፣ የቀሩትን በሙሉ በሌላ ዓምድ አስፍረው ለፍለጋ ያቆዩአቸው። ማንንም «ትክክለኛው የግእዝ አጻጻፍ ይህ ነው» ብለው ስሙን አያርሙበት።

ደረጃ 4፦ ዓመተ ምሕረት የሌለውን ካርድ ዓመቱን ማግኘት

የጥሪ ካርድ ለተጋባዡ እንጂ ለታሪክ ስለማይታተም፣ ዕለቱና ወሩ ተጽፎ ዓመቱ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ግን ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በተከፈተ ማዕከል ውስጥ «ቅዳሜ ጥቅምት 14 ከቀኑ 11 ሰዓት» የሚል ካርድ ተገኘ እንበል። ጥቅምት 14 ቅዳሜ የሚውለው በየዓመቱ አይደለም፤ ከ1990 እስከ 2005 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የዋለው በ1991፣ በ1996 እና በ2002 ብቻ ነው። አሁን የካርዱን ግርጌ ይመልከቱ። የማዕከሉ ስልክ ባለ ስድስት አኃዝ ከሆነ፣ የአዲስ አበባ ቁጥሮች በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 011 እና ሰባት አኃዝ ስለ ተቀየሩ፣ 2002 ይወድቃል። ከጎኑ ደግሞ በ09 የሚጀምር የሞባይል ቁጥር ካለ፣ የሞባይል አገልግሎት በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለሆነና ጥቅምት 1991 ከዚያ በፊት ስለሚውል፣ እርሱም ይወድቃል። የቀረው 1996 ዓ.ም. ነው። በሠንጠረዡ ላይ «1996፣ ከዕለቱና ከስልክ ቁጥሩ የተሰላ» ብለው ይጻፉ፤ ከካርድ በቀጥታ እንደ ተነበበ አድርገው ግን አይጻፉት። የድርጅቶች ስም መቀየር፣ የደጋፊዎች ዓርማና የፖስታ ሣጥን ቁጥርም እንዲሁ ይረዳሉ።

ደረጃ 5፦ ቀድሞ የሚጠፋውን ማስቀደም

ዝርዝሩ ቅርጽ ከያዘ በኋላ ለመገልበጥ ቅደም ተከተል ይወስኑ። መስፈርቱ ዋጋ ሳይሆን ዕድሜ ነው። ካታሎግ ውድ ቢሆንም መደርደሪያው ላይ ሠላሳ ዓመት ይቆያል፤ በሙቀት የሚታተም የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝና የፋክስ ወረቀት ግን በጥቂት ዓመታት ይነጣል፤ ስለዚህ ዛሬውኑ ፎቶ ይነሣ። የቪ.ኤች.ኤስ. እና የሚኒ ዲቪ ካሴቶች፣ በቤት የተቀዱ ሲዲዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ካሴቱ ደኅና ቢሆን እንኳ የሚያጫውተው መሣሪያ እየጠፋ ነው። የፎቶግራፍ ኔጋቲቭ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ከሸተተ መበስበስ ጀምሯልና ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ፈጥኖም ይገልበጥ። ከሁሉ ቀድሞ የሚያመልጠው ግን የአረጋውያን ትዝታ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ደረጃ 6፦ የወረቀቱ አያያዝ

የአዲስ አበባ አየር ለወረቀት ከብዙ ከተሞች ይሻላል፤ ጠላቱ ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ መደርደሪያ እርጥበት ይስባል፣ ሻጋታም ይከተላል። ስለዚህ ሣጥኖቹ ከግድግዳና ከወለል ራቅ ብለው፣ ከቧንቧ በታች ሳይሆን፣ ፀሐይ በማይደርስበት ክፍል ይቀመጡ። አግራፍና የስቴፕለር ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን ስለሚበላ በጥንቃቄ ይነሣ። የተቀደደውን በፕላስተር አይለጥፉ፤ ፖስተርም ላሚኔት አያስደርጉ፤ ሁለቱም የማይመለስ ጉዳት ናቸው። ለሰነድ ማቆያ የሚሠራው ከአሲድ ነጻ ካርቶን ካልተገኘ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በየመካከሉ እያስገቡ በደኅና ቦክስ ፋይል ማስቀመጥ ይበቃል፤ በፌስታል ማፈን ግን እርጥበቱን ማቆር ነው። የመለያ ቁጥሩ በወረቀቱ ጀርባ፣ ጠርዝ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ። ባነር አይታጠፍም፤ በወፍራም ቱቦ ላይ ይጠቀለላል።

ደረጃ 7፦ ስካን ማድረግና ለፋይል ስም መስጠት

ለካርድና ለጽሑፍ በኢንች 400 ነጥብ፣ ለትንንሽ ፎቶግራፎች 600 ነጥብ በቂ ነው። ዋናው ቅጂ በቲፍ ይቀመጥ፣ ለዕለት አገልግሎት የሚውለው በጄፔግ ወይም በፒዲኤፍ ይውጣ። የካርዱ ጀርባ ባዶ ቢመስልም ይገልበጥ፤ በእጅ የተጻፈ ዋጋ ወይም ስልክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። የፋይሉ ስም በመለያ ቁጥሩ ይጀምር፣ የሰነዱ ዓይነት በኮድ ይከተል፦ 01 ለጥሪ ካርድ፣ 02 ለፖስተር፣ 03 ለሥራዎች ዝርዝር፣ 04 ለአዳራሽ ፎቶግራፍ እያሉ። እንግዲህ 2009-03-04-012 ሲባል የዚያ ዐውደ ርእይ አሥራ ሁለተኛው የአዳራሽ ፎቶግራፍ ነው። አኃዝ ብቻ መጠቀም የሚሻለው የአማርኛ ፊደል በፋይል ስም ውስጥ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ አንዳንዴ ስለሚበላሽ ነው።

ለአገራችን ማዕከላት ልዩ የሆነ አንድ ችግር አለ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በጋራ በሚለዩበት ሥርዓት) የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጽሑፎቻችን በፓወር ግእዝ፣ በቪዥዋል ግእዝና በመሳሰሉት የራሳቸው ፊደል ባላቸው ፕሮግራሞች ይተየቡ ነበር። የካታሎጉ መግቢያ ዛሬ በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ክምር ሆኖ ይታያል፤ ያየው ሰውም «ተበላሽቷል» ብሎ ያጠፋዋል። አልተበላሸም። ፊደሉ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተር ፈልገው ይክፈቱት፣ በመጀመሪያ እንደሚታየው በፒዲኤፍ ያስቀምጡት፣ ቀጥሎ ወደ ዩኒኮድ ቀይረው ከፒዲኤፉ ጋር ቃል በቃል ያመሳክሩት። አሮጌው ኮምፒውተር ከመወገዱ በፊት ይህ መደረግ አለበት። ዝርዝሩን በሲ.ኤስ.ቪ. ሲያስቀምጡም ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ፤ አለዚያ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ ያሉት ፎቶግራፎች በአብዛኛው የሚገኙት በፌስቡክ ገጽና በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ነው። እነዚህ ማከማቻ አይደሉም። ፎቶ አንሺውን ፈልገው ዋናውን ፋይል ይጠይቁ፤ በቴሌግራም የሚልክ ከሆነም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሣበት ቀንና ሰዓትም ይጠፋል።

ደረጃ 8፦ ሰዎችን መጠየቅ

ትላልቆቹን ሠዓልያን፣ ኪውሬተሮችንና አስተማሪዎችን ብቻ ሳይሆን ሥዕል የሰቀሉትን፣ ክፈፍ የሠሩትን፣ በር ላይ የቆሙትን ይጠይቁ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሁሉንም መክፈቻ አይቷል፤ ኪውሬተሮች ግን ይለዋወጣሉ። «ስለ ዐውደ ርእዩ ይንገሩኝ» የሚል ጥያቄ ብዙ አያስገኝም። የታተሙ ፎቶግራፎች ይዘው ይሂዱ፣ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ያኑሩ፣ ዝም ይበሉ። «ይህቺ መብራት እዚህ የተሰቀለችው በስተቀኝ ያለው ሥዕል ስላንጸባረቀ ነው» የሚል ቃል የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በስልክ ሲቀዱ በመጀመሪያ የተናጋሪው ስም፣ ቀኑና ፈቃዱ በድምፅ ይግባ። ጋሼ ወይም እትዬ የሚሏቸውን አረጋዊ በአንድ ቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አያድክሙ፤ ሁለተኛ ቀጠሮ ይያዙ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚታወሳቸው እንግዳው ከሄደ በኋላ ነው።

የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ወረቀት በአገር ውስጥ ብቻ አይገኝም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1981 እ.ኤ.አ. ያረፈው በስደት በአሜሪካ ነው፤ እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሮ በ2003 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። ከአዲስ አበባ የተላከ የጥሪ ካርድ፣ በዚህ የማይገኝ ካታሎግ ወይም የመክፈቻ ፎቶግራፍ በዋሽንግተን፣ በጀርመን ወይም በስቶክሆልም በአንድ ቤተሰብ አልበም ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ዋናውን እንዲሰጡ አይጠይቁ፤ እንዴት ስካን እንደሚደረግ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ይላኩላቸው፤ ስማቸውም በምንጭነት እንዲጠቀስ ወይም እንዳይጠቀስ ምርጫቸውን ይጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ቅጂዎችን ማብዛት

ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፤ አንዱ ከግቢው ውጭ። ለምሳሌ አንዱ በቢሮው ኮምፒውተር፣ አንዱ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ሌላ ሰፈር በሚገኝ ተቋም፣ አንዱ በኢንተርኔት ማከማቻ። መብራት በድንገት ሲጠፋ በመጻፍ ላይ ያለ ዲስክ ስለሚጎዳ ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማቆያ አይሆንም። በየዓመቱ አንድ ቀን ተመድቦ ፋይሎቹ መከፈታቸው ይረጋገጥ፤ ቼክሰም የሚያሰላ ነጻ ፕሮግራም ከተጠቀሙ ከአምናው ጋር አንድ ባይት እንኳ የተለወጠ ፋይል ካለ ያሳይዎታል። ሃርድ ዲስኩ እስኪሞት ሳይጠብቁ በአምስት ዓመት ገደማ በአዲስ ይተኩ።

ደረጃ 10፦ መብትና ለሕዝብ ክፍት ማድረግ

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው የቅጂ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠበቃል። ሥዕሉን መግዛት የቅጂ መብቱን መግዛት አይደለም፤ ፎቶግራፍ አንሺውም የራሱ መብት አለው። ስለዚህ ፎቶግራፎቹን ለሕዝብ ከማውጣት በፊት የሠዓሊውን ወይም የወራሾቹን፣ የፎቶ አንሺውንም የጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ፤ በግልጽ አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል። ፈቃድ እስኪገኝ ዝርዝሩን ማውጣት ግን የሚከለክል ነገር የለም፤ ቀን፣ ርእስና የተሳታፊዎች ስም የማንም ንብረት አይደሉም። የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ከ1929 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉትን ከ3,500 በላይ ዐውደ ርእዮቹን በ2016 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ሲያወጣ ተመራማሪዎች በቅድሚያ የፈለጉት ይህንኑ ዓይነት መረጃ ነበር ብዬ አምናለሁ። የአስተያየት መዝገቦች ግን የሰዎች ስልክና አድራሻ ስላለባቸው እርሱ ተሸፍኖ ብቻ ይታዩ።

ደረጃ 11፦ የሚቀጥለውን ዐውደ ርእይ በወቅቱ መመዝገብ

ያለፈውን እየቆፈሩ የዛሬው ቢያመልጥ ሥራው ማለቂያ አይኖረውም። ከዛሬ ጀምሮ በእያንዳንዱ ዐውደ ርእይ የመጨረሻ ቀን፣ አንድም ሥራ ከግድግዳ ሳይወርድ፣ አንድ ሰዓት ይመደብ። ከበሩ ተነሥቶ በስተቀኝ በኩል ግድግዳውን በሙሉ እየዞሩ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ አንዱ ፎቶግራፍ ካለፈው ጋር ትንሽ ይደራረብ፤ የመግለጫ ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው በሚነበቡበት ርቀት ይነሡ። የአዳራሹ ፕላን በእጅ ቢሆንም ይነደፍ፣ የሥራዎቹም ቁጥር ይስፈርበት። ሁለት የጥሪ ካርድ፣ ሁለት ካታሎግ፣ አንድ ፖስተርና የአስተያየት መዝገቡ በአንድ ክላሰር ገብተው የመለያ ቁጥሩ በጀርባው ይጻፍ። ሠዓሊው የሥራዎቹን ርክክብ ሲፈርም ከርክክቡ ጋር የፈቃድ ቅጹም ይቅረብለት፤ ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ይጫን።